ምዕራፍ አምስት፦ እዚያው አገር፣ ሌላ ኑሮ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሰሜን ምሥራቅ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደብረ ብርሃን ይገባል። መንገዱ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ቋንቋው ያው፣ እንጀራው ያው፣ ዕድሩም ያው ነው። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። በመላ አገሪቱ ስሙ የሚታወቀው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚገኘውም እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው።

ከዚያው ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደግሞ ድሬዳዋ ይደርሳል። እዚህ ብርድ ልብሱ ሻንጣ ውስጥ እንደታጠፈ ይከርማል። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ1,100 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ ከተሞች አማካይ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት 8 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በኑሮ ሲመነዘር ግን የልብሱን፣ የሊጡን፣ የእንቅልፉን፣ የሥራ ሰዓቱንና የበሽታውን ዓይነት የሚቀይር ቁጥር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በፈለገው ቦታ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ደግሞም ብዙው ነገር አብሮ ይሄዳል። ብሩ አይመነዘርም፣ የባንክ ደብተሩ አይለወጥም፣ ስልክ ቁጥሩም ሆነ ቴሌብሩ ጋምቤላም ሰመራም ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ዕቃውን ጭኖ የሚነሳ ሰው ሳይዘጋጅ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስለ ሁሉም ነገር ይጠይቃል፤ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሚዛወር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቋንቋ ብቻ ነው።

ለውጡ የሚመጣው ደግሞ በተጠየቀበት ቅደም ተከተል አይደለም። መጀመሪያ የሚቀበለው አየሩና ውሃው ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት። ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል፤ ቀበሌ ጉዳይ የገጠመው ቀን። ሰዉን መልመድ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል።

ቁልቁል የሚለካ ርቀት

የኢትዮጵያ ገበሬ አገሩን ሲከፍል የኖረው በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን በከፍታ ነው፦ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ክፍፍሉ የሚዘራውን እህል ብቻ ሳይሆን የሚታደርበትንም ቦታ ይወስን ነበር። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ብዙ ቦታ ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል፣ ያጭዳል፤ ለማደር ግን ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል። ምክንያቱ ንዳድ ነበር፤ ዛሬ ወባ የሚባለው።

ዛሬም የጤና ባለሙያዎች መስመር የሚያሰምሩት እዚያው አካባቢ ነው። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚገኝ በሽታ ነው፤ ዋናው ወቅቱም ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ ባለባቸው ቦታዎች በሚያዝያና በግንቦት ዳግም ያገረሻል። አዲስ አበባ ከመስመሩ በላይ ናት። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ አርባ ምንጭ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ ሁሉም ከመስመሩ በታች ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው በሽታውን የመቋቋም አቅም ሳያዳብር ነው ወደነዚህ ከተሞች የሚሄደው። የአገሬው ሰው በራስ ምታትና በብርድ ብርድ የሚያልፈው እንግዳውን አልጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ወባው ራሱ ሽቅብ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አገሪቱ በከባድ ዋጋ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 በማዕከላዊው ደጋና ወይና ደጋ በተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ከቤቱ ያልተነሳው ሕዝብ በሽታውን ስለማያውቀው ነበር ጉዳቱ እንዲህ የከፋው። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ቤተሰብ በራሱ እግር የሚሄደው ወደዚያው ሁኔታ ነው።

መንግሥትም ይህን ልዩነት በደመወዝ መዝገቡ ላይ ያውቀዋል። ሙቀት በሚበረታባቸውና ኑሮ በሚከብድባቸው ወረዳዎች ለሚሠሩ ሠራተኞች በየደረጃው የሚከፈለው የበረሃ አበል ከዚህ የመጣ ነው። አፋርና ጋምቤላን በመሳሰሉ ቦታዎች ቢሮ የሚገባው በማለዳ ነው፤ ቀትሩ ረዘም ባለ እረፍት ያልፍና ሥራው ፀሐይ ሲበርድ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጉዳይ ሊያስፈጽም ወጥቶ የተዘጋ በር ሲያገኝ ስንፍና ይመስለዋል። የመጀመሪያው ግንቦት ሲያልፍ ሐሳቡን ይለውጣል።

የድሬዳዋ በርሜል

አንዱን ከተማ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር የሚወስደው ዳገት ስላስቸገረ ጣቢያው ሜዳው ላይ ተተከለ። ደቻቱ የተባለው አሸዋማ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን መንገዷ ቀጥ ያለው፣ ዛፍ የጠገበው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያው የሚተራመስበት መጋላ።

ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የለውም። አዲስ መጪ ስለ ቤት ሲጠይቅ ከወንዙ ዳር ርካሽ ክፍል ሊያገኝ ይችላል፤ አሸዋውን አይቶም ወንዝ መሆኑን ላያስብ ይችላል። ዝናቡ ግን የሚዘንበው ከተማዋ ላይ ሳይሆን በላይ በኩል በደንገጎና በአካባቢው ተራሮች ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት በአንድ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቤት የሚከራይ ሰው ደመናውን ቀና ብሎ ማየቱ በቂ እንዳልሆነ የአገሬው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደላላው ግን ካልተጠየቀ አያነሳውም።

ከዚያ ውሃው አለ። የድሬዳዋ ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ሲሆን የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር አልፎ ስለሚመጣ በካልሲየም የበለጸገ ነው። ውጤቱ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ይታያል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሻይ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ ሲወፍር ውሃው ለመፍላት ይዘገያል፣ ሲነቀልም ብርጭቆ ውስጥ ይንሳፈፋል። ሳሙናው እንደለመደው አረፋ አያወጣም፤ የልብስ ማጠቢያው ዱቄት ቶሎ ያልቃል። የገላ መታጠቢያው ወንፊት ቀዳዳው እየተደፈነ ውሃው ወደ ጎን ይረጫል። የከተማዋ እናቶች ማንቆርቆሪያቸውን ሎሚ ወይም ኮምጣጤ አፍልተውበት ያጥባሉ፤ አሲዱ ኖራውን ያሟሟዋል።

ውሃው ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም። በመሆኑም ቤቱ ሁሉ ውሃ ያጠራቅማል፦ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ፣ ግቢ ውስጥ የተቆፈረ የሲሚንቶ ጉድጓድ። እዚህ ላይ ነው የአገሪቱ የወባ ታሪክ አዲስ መልክ የያዘው። የለመድነው የወባ ትንኝ የገጠር ትንኝ ነው፤ ዝናብ ጥሎ በሄደው ኩሬና ረግረግ ውስጥ ይራባል። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለው የእስያ ዝርያ ግን ከተማ ይወዳል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውሃ በተጠራቀመበት ዕቃ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘ። በ2014 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ወባ ከወትሮው እጅግ ጨምሮ በተነሳ ጊዜ፣ ወቅቱ በጋ ነበር፤ ኩሬው ደርቋል፣ በርሜሉ ግን ሙሉ ነው። ተመራማሪዎች በሽተኞቹ በሚኖሩበት አካባቢ ያገኙትም ይህንኑ ትንኝ ነበር።

ቺኩንጉንያም የመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። በ2011 ዓ.ም ክረምት ከተማዋን ያጥለቀለቀው ይህ በሽታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በመገጣጠሚያ ሕመም ጎንበስ አድርጓል። አስተላላፊው ኤዴስ የተባለው ትንኝ የሚነክሰው በቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበር ውስጥ መተኛት ለወባው ይጠቅም እንጂ ከዚህኛው አያድንም። ሁለቱንም የሚመልሰው ነገር ቀላል ነው፦ ክዳን። በደንብ ያልተከደነ በርሜል ጎን ቁጢጥ ብሎ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ያየ ሰው፣ ከውሃው ገጽ ሥር ክር የሚያካክሉ ተንቀሳቃሽ ነገሮች ሊያይ ይችላል፤ ጥላ ሲያርፍባቸው እየተጠማዘዙ ወደ ታች ይሰምጣሉ። እጮቹ በሙቀቱ ሳምንት አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ክንፍ ያወጣሉ። በርሜሉን በየሳምንቱ አሟጦ ጎኑን ፈትጎ ማጠብ የሚመከረው ከዚያ እንዲቀድም ነው።

ጓዳው

ደጋ ላይ ያደገች ባለሙያ ቆላ ስትወርድ መጀመሪያ የሚያምፅባት ሊጡ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ቀን ገደማ የሚጠብቅ ቡኮ ድሬዳዋ ላይ በአንድ ቀን ተኩል ኮምጥጦ ይገኛል፤ ሰመራ ላይማ ካደረ በቂ ነው። እርሾው ያው ነው፤ ሕያው ነገር ሲሞቀው ይፈጥናል። እንጀራውም እንዲሁ ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር ሴት አብዝታ መጋገር፣ መጠኑን ደግሞ መቀነስ ይኖርባታል።

የእሳቱም ነገር ይለወጣል። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92፣ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ሰመራ ላይ ከ98 በላይ። ደብረ ብርሃን ባቄላ የጣደ ሰው ማገዶ የሚፈጀው ለዚህ ነው። በዚህ ስሌት ድሬዳዋ ላይ ሽምብራ በቶሎ መብሰል ነበረበት። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ግን የጥራጥሬን ቅርፊትና ሥጋ ስለሚያጠነክር ከፍታው የሰጠውን ውሃው መልሶ ይወስደዋል። እናቶች ለመዘፍዘፊያና ለመቀቀያ የዝናብ ወይም የታሸገ ውሃ የሚቆጥቡት በከንቱ አይደለም።

ጤፍ የወይና ደጋ እህል ነው። ወደ ቆላ በመኪና ተጭኖ ሲወርድ የጭነቱ ዋጋ ይጨመርበታል። የአገሬው ማዕድም የተሠራው ቅርብ ባለው እህል ነው፤ በሐረርጌ ማሽላ፣ በጋምቤላ በቆሎ፣ በጉራጌና በሲዳማ እንሰት፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ ሩዝ፣ ፓስታና የግመል ወተት። ድሬዳዋ ላይ ጠዋት በፉልና በፈጢራ ይጀመራል። ጤፍ ብቻ እበላለሁ ያለ ቤተሰብ ለምግብ የሚያወጣው ገንዘብ ከጎረቤቱ እንደሚበልጥ ወር ሳይሞላ ይደርስበታል።

ገበያውም በራሱ ቀን ይውላል። በትንንሽ ከተሞች ዋናው ገበያ በሳምንት አንዴ ነው፤ ባቲ ሰኞ፣ ሰንበቴ እሑድ። ያን ቀን ያመለጠው ሰው ቀሪውን ሳምንት ከሱቅ በውድ ይገዛል። መስፈሪያውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቁና፣ ጣሳና መደብ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የአንዱ ገበያ ቁና የሌላውን ላይሞላ ይችላል፤ ዋጋ ከማወዳደር በፊት አንዴ ገዝቶ በኪሎ መመዘን ይበጃል።

መሸኛ

አየሩ በሳምንት ይታወቃል፤ ወረቀቱ ግን ችግር እስኪመጣ ተደብቆ ይቆያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪነት የሚመዘገበው በቀበሌ ወይም በወረዳ ነው። የሚለቅ ሰው የነዋሪነት መታወቂያውን ሲመልስ መሸኛ ይጻፍለታል፤ መሸኛውን ይዞ በሄደበት ቀበሌ ይመዘገባል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ የቤተሰቡ ስም ዝርዝር፣ የቤት ቁጥር፣ ‹‹ከዚህ ቀበሌ መልቀቃቸውን እንገልጻለን›› የሚል ዐረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ፊርማና ክብ ማኅተም። ማኅተሙ ደብዝዞ ከወጣ አዲሱ ቀበሌ ሊመልሰው ይችላል፤ የመለሰው ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ወረቀቱን ተቀብለው ከመውጣታቸው በፊት መስኮቱ ጋ ቆመው ማኅተሙን፣ ፊርማውንና የእያንዳንዱን ሰው ስም አጻጻፍ ያያሉ፤ ሁለት ሦስት ኮፒም ያስነሳሉ።

ብዙ ሰው ግን መሸኛውን ሳያወጣ ይሄዳል። አንዳንዱ ነገሩን ባለማወቅ፣ አንዳንዱ ከአዲስ አበባ መታወቂያው ላለመለየት። በተለያዩ ጊዜያት አዲስ አበባ አዲስ መታወቂያ መስጠት ስታቆም የታየ በመሆኑ፣ የመለሰ ሰው መልሼ አላገኘው ይሆናል ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ዋጋውም እንዲሁ። የምርጫ ሕጉ መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የሚያገለግለው አባሉ በተመዘገበበት ወረዳ በኩል ነው፤ ወረዳ የለወጠ አባል እንደገና መመዝገብና መክፈል አለበት።

ፋይዳ ይህን ሁሉ የሚተካ የሚመስላቸው አሉ። በ2015 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1284 የቆመው ብሔራዊ የዲጂታል መታወቂያ በዐሥራ ሁለት አሃዝ ቁጥር የሚያረጋግጠው ሰውዬው ማን እንደሆነ ነው። የት እንደሚኖር የሚመሰክረው አሁንም ቀበሌው ነው። ባንክ ለመሄድ ፋይዳው ይበቃል፤ የነዋሪነት ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ወደ ማኅተሙ መመለስ ግድ ነው።

ከገጠር ለሚነሳ ሰው ወረቀቱ ከዚህም ይከብዳል። የገጠር መሬት የሚተዳደረው በክልሎች ሕግ ሲሆን፣ በተለያዩ ክልሎች መሬቱን ጥሎ ለረጅም ጊዜ የጠፋ ባለይዞታ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ገበሬው ልጁን ከተማ ልኮ ራሱ የሚቀረው፣ ወይም ባል ሄዶ ሚስት መሬቱን የምትጠብቀው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሕጉ ራሱ ከቦታ ቦታ መለያየቱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በፌደራሉ ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው። ተከራይን ለመጠበቅ በ2016 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320ም በቀጥታ የሚመለከተው እነዚህኑ ሁለት ከተሞች ሲሆን፣ በሌሎች ከተሞች ተፈጻሚነቱ በክልሉ ውሳኔ ይወሰናል። አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል የለመደ ተከራይ ሌላ ከተማ ሄዶ ያንኑ ሲጠይቅ ባለቤቱ ግር ቢለው አይገርምም።

የቢሮው ቋንቋና የልጆች ነገር

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 መሠረት አማርኛ የፌደራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲሆን ክልሎች የራሳቸውን ይወስናሉ። አማርኛ በአማራ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ክልሎች ቢሮዎች ይሠራል። በኦሮሚያ፣ በትግራይና በሶማሌ ክልሎች ደብዳቤው፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብና የማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ በክልሉ ቋንቋ ነው። ገበያ ላይ በአማርኛ መግባባት ይቻላል፤ አዳማም ጅጅጋም የማይችል ሻጭ አይታጣም እንጂ የሚችለው ይበዛል። ጉዳዩ የሚመጣው ቅጽ መሙላት ሲያስፈልግ ነው። ክስ የቀረበበት ሰው ቋንቋውን ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በአንቀጽ 20 ተሰጥቶታል፤ ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ የሄደ ሰው ግን አስተርጓሚውን ራሱ ይዞ ይሄዳል።

ከቤት ሳይነቃነቁ ክልል የሚቀየርበት ጊዜም አለ። ሲዳማ በሰኔ 2012 ዓ.ም ክልል ሲሆን፣ የቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ የነበረችው ሐዋሳ የአዲሱ ክልል ከተማ ሆነች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ በአንድ ከተማ አልተሰበሰቡም፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤቶች በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላና በሌሎች ከተሞች ተከፋፈሉ። ሐዋሳ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን ተከትሎ ለመሄድ ተገደደ። ሐይቁ ዳር 1,700 ሜትር ላይ የለመደው አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ሲወርድ ሙቀቱንም ወባውንም ይቀበላል።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠነክረው ዝቅተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ሦስተኛ ክፍልን በፊደል ያነበበ ልጅ ወደ ኦሮሚያ ወይም ወደ ሶማሌ ከተማ ሲሄድ የሚጠብቀው ሌላ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በላቲን ፊደል የተጻፈ መጽሐፍም ነው። ብዙ የኦሮሚያ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሏቸው፤ አዲስ አበባም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሏት። ጥያቄው ከተከራዩት ቤት ምን ያህል ይርቃሉ የሚለው ነው። ልዩነቱ በአንድ ክልል ውስጥም አለ፤ በአማራ ክልል ከሚሴ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ እንጅባራ አካባቢ በአዊኛ፣ ሰቆጣ አካባቢ በኽምጣና የሚማሩ ልጆች አሉ።

ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዝውውሩ ይቀለዋል። በጣም የሚከብደው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የዚያ ዓመት ፈተና የሚወጣው በክልሉ ነውና፣ በዓመቱ አጋማሽ የተዛወረ ልጅ ያልተማረበትን ክልል ፈተና ይቀመጣል።

ሰዉ

ዕድር በየቦታው አለ፤ ደንቡ ግን በየቦታው ይለያል። ለብዙ ዓመት ወርኃዊ መዋጮ ሲከፍል የኖረ ሰው ሰፈር ሲለቅ ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ አይሄድም። አዲሱ ዕድር ደግሞ ነባሮቹ ያጠራቀሙትን ንብረት የሚያካክስ መግቢያ ይጠይቃል፣ ሙሉ አገልግሎት ከመስጠቱ በፊትም የተወሰነ ጊዜ ያስጠብቃል። በዚያ መሀል ሐዘን የገጠመው ቤተሰብ ጎረቤት ቢደርስለትም ባዶነቱ ይሰማዋል። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ከዕድር ጎን አፎቻ አለ፤ የሐዘንም የሠርግም ነው፣ የወንዱና የሴቱ ለየብቻ ይቆማል፤ ግንኙነቱም ከመዋጮው ይልቅ በመመላለስ ይጸናል።

አነጋገሩም ይለያል። ጎንደር ወይም ጎጃም ያደገ ሰው ታላቁን አንቱ ሳይል አፉን አይከፍትም። ድሬዳዋ ሲገባ ልጁ ሽማግሌውን በአንተ ሲያናግር ይሰማና ይደነግጣል። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ እዚያ አክብሮቱ በድምፅና በቅርበት ነው የሚገለጸው፣ አንቱታው ደግሞ መራቅ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ድሬዳዋ ያደገች ነርስ ደብረ ማርቆስ ተመድባ አሮጊቷን ‹‹አንቺ እናቴ›› ስትል ፍቅሯ ሳይሆን ድፍረቷ ነው የሚሰማው።

ከሰዓት በኋላው የምሥራቁ የራሱ ሰዓት ነው። ምሳ ተበልቶ የጫት በርጫ ይያዛል፤ ሱቁ ይዘጋል ወይም ለልጅ ይተዋል፤ የማይቅመው ነጋዴ ሳይቀር የንግድ ወሬ የሚሰማው እዚያ ምንጣፍ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ብቅ ይላል። ከተማዋ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትነቃና እስከ ሌሊት ትቆያለች። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ ቤቱ አብዛኛው ዝግ ነው፤ ሥጋ ቤቱ በየሃይማኖቱ የተለየ መሆኑንም ማወቅ እንግዳን ከማሳፈር ያድናል።

ቋንቋው አንድ ሲሆንስ?

ቋንቋው ካልተለወጠ ሌላው ቀላል ነው የሚል ግምት አለ። የአገሪቱ የሰፈራ ታሪክ ግን ሌላ ይላል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰዎችን ወደ ጋምቤላ፣ መተከል፣ ወለጋ፣ ከፋና ኢሉባቦር አጓጓዘ። ደገኛው ሕዝብ ወባ ባለበትና ከብት በገንዲ በሽታ በሚያልቅበት ቆላ ተጣለ፤ በፓዌ መንደሮቹ ስም እንኳ ሳይወጣላቸው በቁጥር ተጠሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት እንደገና ሰፈራ ሲያቅድ 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር አሰበ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሰው ከክልሉ እንዳይወጣ ወሰነ። ቋንቋና አስተዳደር አንድ ከሆነ ግጭቱም ችግሩም ይቀንሳል በሚል ነበር።

በዚሁ ዕቅድ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የተነሱ ኦሮሞ ገበሬዎች በደዴሳ ሸለቆ ወደምትገኘው ጨዋቃ ሄዱ። ክልሉም ቋንቋውም ያው ኦሮሚያ፣ ያው አፋን ኦሮሞ ነበር። ዝናቡ ግን ሌላ ነው። ሐረርጌ በልግና ክረምት ተከፋፍሎ የሚያጥረው ዝናብ እዚህ አንድ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይወርዳል። እርከን ሠርቶ እያንዳንዷን ጠብታ የሚያቆር ገበሬ ውሃ የሚተርፍበት ምድር ላይ ገባ። ማሽላና ጫት የለመደ እጅ ደን መንጥሮ በቆሎና ሩዝ መዝራት ነበረበት፤ በሬው ላይ የገንዲ ዝንብ፣ ልጁ ላይ ወባ መጣ። ጨዋቃ ዛሬ በሩዝ ምርቷ የምትታወቅ ወረዳ ናት። የአስተዳደር ወሰን አለማለፋቸው ሰፋሪዎቹን ከአስተርጓሚ አድኗቸዋል፤ ከአየሩና ከውሃው ግን አላዳናቸውም።

ስለዚህ የመሄጃ ወር ምርጫ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ የሚያየው የትምህርት ቤቱን ቀን ነው፤ በነሐሴ ዕቃውን ጭኖ ለመስከረም ምዝገባ ይደርሳል። ይህ ደግሞ ቆላ ላይ ወባው የሚነሳበት ደጃፍ ነው። ልጆቹ አዲሱን ክፍል በሚለምዱበት በጥቅምት ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ መሸኛው ገና ስላልቀረበ የጤና መድኅኑ አልተመዘገበም፤ ዕድሩም መግቢያውን ተቀብሎ ጊዜውን እያስጠበቀ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን የሚፈቱት አንዱን ወላጅ በግንቦት ወይም በሰኔ ቀድሞ በመላክ ነው። ቀድሞ የሄደው ቤቱን ይከራያል፣ መሸኛውን አስገብቶ ቀበሌ ይመዘገባል፣ ለጤና መድኅኑ ይከፍላል፣ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ያጣራል፣ ሌሎቹ ከመድረሳቸው በፊትም አጎበር ይሰቅላል፣ የበርሜሉንም ክዳን ያስገጥማል።